ያውቁ ኖሯል? ሥራ ላይ የሚይዝ በሽታ

ያውቁ ኖሯል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከውጭ የመጣ ሱፍና የፍየል ጠጉር ሲለዩ የሚውሉ ሠራተኞች ድንገት ታመው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ገዳዩ እኛ አባሰንጋ የምንለው ነው። ተህዋሱ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ በጠጉርና በቆዳ ላይ ባሕር ይሻገራል፤ አፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጥሬ ቆዳና ሌጦ የሚነካ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ያውቁ ኖሯል? የዓለም የሥራ ድርጅት በተመሠረተበት በ1919 (እ.ኤ.አ.) ካወጣቸው የመጀመሪያ ምክረ ሐሳቦች አንዱ ሱፍን ከአባሰንጋ ስለ ማጽዳት ነበር። በሥራ ቦታ ያሉ ሥነ ሕይወታዊ አደጋዎችን በጠቅላላ የሚመለከተው ስምምነት የጸደቀው ግን በ2025 ነው። ከተህዋሱ የማይተናነስ ትዕግሥት!

ያውቁ ኖሯል? ማርበርግ ቫይረስ የተሰየመው በጀርመን ከተማ ነው። በ1967 እዚያ፣ በፍራንክፈርትና በቤልግሬድ ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ደምና የአካል ክፍል የነኩ የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ታመሙ። በሽታው ወደ አካሚዎቻቸውም ተሻገረ። ከ31 ታማሚዎች 7ቱ ሞቱ።

ያውቁ ኖሯል? በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሐኪም አልነበረም፤ ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። በ1977 የታመሙ ሕፃናት ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ተሳፍሮ ተያዘ፤ ዳነ። በዓመቱ በፈንጣጣ የሞተችው የመጨረሻዋ ሰው ደግሞ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። የሥራ ክፍሏ ፈንጣጣ ከሚመረመርበት ቤተ ሙከራ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። አብሳይና ፎቶ አንሺ! ጓንትና ክትባት ሲታደል ከዝርዝሩ የሚዘለሉት ዛሬም እንደ እነሱ ያሉት ናቸው፤ የጽዳትና የልብስ ንጽሕና ሠራተኞችም እንዲሁ።

ያውቁ ኖሯል? የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ያልተከተበ ሰው የታማሚ ደም ባለበት መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ለኤች አይ ቪ ግን 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ብዙዎች የሚፈሩት ሁለተኛውን ነው፤ ክትባት ያለው ለመጀመሪያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ጓንት ይጠይቁ፤ ውለታ አይደለም።

ያገለገለ መርፌ መልሰው አይክደኑ። ከወጋዎት ቦታውን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ አይጭመቁት። ወዲያው ለኃላፊዎ ይንገሩ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት።