«እሱ በልቶ ለታመመው እኔ ለምን ልክፈል?»



የጤና መድኅን አባልነት መታደሻ ወቅት በደረሰ ቁጥር በደብረ ታቦርና በጋፋት፣ በፋርጣና በፎገራ አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ዓመቱን ሙሉ የጤና ጣቢያ ደጅ አልረገጥኩም። ቅቤና ጮማ ሲያማርጥ ኖሮ ስኳርና ግፊት ያመጣውን ሰው በእኔ ገንዘብ ለምን አሳክማለሁ?» ይላል። ሌላው «በሽታ ከአላህ ነው፤ ሰው በታመመ ይወቀሳል እንዴ?» ሲል ይመልሳል። ገንዘብ ያለው ሦስተኛው ወገን ደግሞ ክርክሩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም ወገኖች ልናነጋግር እንወዳለን።

ውፍረት ድሎት ነውን?

በአገራችን ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ይባላል፤ ሲቀጥን «ምን ነካህ?» ይባላል። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ቢል አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ዘመኑ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ግን ከመቶ 8 ደርሰዋል። በከተማ ከመቶ 21፣ በገጠር ከመቶ 4 ማለት ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 22 የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። እንግዲህ ጥጋብና ረሃብ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የውፍረት ክፋቱ ሕመሙ ቶሎ አለመሰማቱ ነው። ስብ ሲበዛ ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥራውን በሚገባ መሥራት ይሳነዋል፤ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። የደም ግፊትም ይጨምራል። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡ፣ ኩላሊቱና ዓይኑ ይጎዳሉ።

የራሳችን ድርሻ

ሰውነታችን አላህ የሰጠን አማና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሆድን ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ እንድንተው አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በኒካሕ ድግስና በኢፍጣር ማዕድ ላይ ግን እንረሳዋለን። ቀኑን ጾመን ውለን ማታ በሳምቡሳ፣ በጣፋጭና በለስላሳ መጠጥ ላይ ስንረባረብ የጾሙን ትምህርት የት ጣልነው?

የደጋው አያቶቻችን ቅቤ ቢበሉም ዳገት ይወጡ፣ እርሻ ያርሱ፣ ከጋፋት እስከ ገበያ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። እኛ አጭሯን መንገድ በባጃጅ እንሄዳለን፤ ቀኑን በወንበር ላይ እናሳልፋለን፤ ሻያችንን ግን እንደ ጥንቱ በሦስትና በአራት ማንኪያ ስኳር እንጠጣለን። በዚህ ረገድ መንግሥትንም ሐኪምንም ልንወቅስ አንችልም። ከመሶባችን ላይ እጅ የምናነሳው እኛው ነን።

ወቀሳ የማይደርስበት ቦታ

ታዲያ የመጀመሪያው ወገን ትክክል ነው ማለት ነውን? አይደለም። በመጀመሪያ፣ የስኳር በሽታ የያዘው ሁሉ በልቶ የታመመ አይደለም። በጎንደር የሚያገለግሉ ሐኪሞች በአካባቢው ገጠሮች ኢንሱሊን ካልወሰዱ የማይድኑ፣ ቀጫጭንና ድኻ የሆኑ ብዙ ሕሙማን መኖራቸውን እ.ኤ.አ በ2009 በታተመ ጥናት አሳይተዋል፤ ነገሩ ከምግብ እጥረት ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀርም ጠቁመዋል። እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ ተቀብሏል። ጠግቦ ታመመ ብለን የምናማው ጎረቤታችን በልጅነቱ ተርቦ የታመመ ቢሆንስ?

ሁለተኛ፣ የወፈረውም ቢሆን ሁሉን ነገር መርጦ አልበላም። ቤተሰብ በየቀኑ የሚያበስለው በአቅሙ የሚገዛውን ዘይት ነው፤ ለዓመታት በርካሽ ሲቀርብለት የነበረው ከውጭ የሚገባው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነበር። በ2012 ዓ.ል የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ መጣሉ፣ የምንበላውና የምንጠጣው ነገር የግለሰብ ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ መንግሥትም እንደሚቀበል ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ጥፋተኛን ለይቶ ማከም ከተጀመረ መጨረሻ የለውም። ከዛፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረውን «ለምን ወጣህ?»፣ ወባ የያዘውን «ያለ አጎበር ለምን ተኛህ?» ልንል ነውን? ለድንገተኛ ሕመምተኛ በር ላይ የሚቀርብ የጥፋት ምርመራ ሰውን አያድንም።

የመንግሥት ወይስ የግል?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2011 በ13 ወረዳዎች ነው። በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ስትሆን፣ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሪፈር ሆስፒታል ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሆኖም ሣጥኑ የሚሞላው ጤነኛውም ሲገባ ብቻ ነው። የታመመ ብቻ ከገባ ይራቆታል።

«ኢንሹራንስ ሐራም አይደለምን?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እ.ኤ.አ በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ለትርፍ የቆመውን የንግድ ኢንሹራንስ ሲከለክል፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ግን ፈቅዷል። የቀበሌያችን መዋጮ ለአትራፊ ድርጅት የሚገባ አይደለም። ልቡ ያልረጋ ሰው በቅርቡ ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

የግል ክሊኒክ አስፈላጊ ነው፤ ወረፋው ያጥራል፣ አንዳንዴም በመንግሥት ተቋም የታጣ መድኃኒት ይገኝበታል። ነገር ግን ግፊትና ስኳር አንድ ቀን ታክመው የሚተዉት በሽታዎች አይደሉም፤ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይፈልጋሉ። በየወሩ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ትንሽ ሲሻለው ወይም ገንዘብ ሲያጥረው ያቋርጣል፤ ከዚያም ስትሮክ ወይም የኩላሊት ድካም ይዞት ከብቱን ሸጦ ይመለሳል። ሌላም ጉዳት አለ። አቅም ያለው ወደ ግል ሲሄድ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ድምፁም ይሄዳል። መድኃኒት ጠፋ ብሎ የሚጮኸው፣ ስብሰባ ላይ የሚጠይቀው ሰው ከመንግሥቱ ጤና ጣቢያ ሲርቅ እዚያ የሚቀረው ዝም ያለው ድኻ ነው።

ቅሬታው ግን እውነት ነው። መዋጮ ከፍሎ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» የሚባል ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። በተለይ ከ2015 ዓ.ል ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ቤት እንዴት እንደሚጨነቅ የአካባቢያችን ሰው ያውቀዋል። መፍትሔው ግን ሣጥኑን ጥሎ መውጣት ሳይሆን ተጠያቂነትን መጠየቅ ነው።

በኢስላም ታሪክም ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። በደማስቆ እ.ኤ.አ በ1154 በኑረዲን የተሠራው ሆስፒታልና በካይሮ በ1284 በሱልጣን ቀላውን የቆመው ሆስፒታል ከወቅፍ በሚገኝ ገቢ ይተዳደሩ ነበር። የካይሮው ለሀብታምም ለድኻም ክፍት ነበር። ያ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ቀድመው ያስቀመጡት ሀብት ነው።

ምን እናድርግ?

እናቶችና አባቶች! ከማዕዳችን ዘይት፣ ጨውና ስኳር እንቀንስ፤ ጎመን፣ ምስርና ባቄላን የድኻ ምግብ ነው ብለን አንናቅ። የወፈረ ልጃችንን በእንግዳ ፊት አናሸማቅቀው፤ ይልቅ አብረነው እንሂድ። ከ40 ዓመት በላይ የሆንን ሁሉ ሳያመን ግፊታችንንና ስኳራችንን እናስለካ።

ወጣቶች! በደጋችን ዳገቱ በነፃ ነው፤ ለመስጂድም ለትምህርት ቤትም በእግራችሁ ሂዱ።

እኛ የመንግሥት ደመወዝተኞችም ነገሩ የገበሬው ብቻ አይምሰለን። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ በ2002 ዓ.ል ከወጣ በኋላ ደመወዝተኛው ሳይጠቀምበት ዓመታት አልፈዋል። ስለ ገበሬው መዋጮ ስንከራከር ስለ ራሳችንም እንጠይቅ።

እንግዲህ «ለምን በላህ?» የሚለው ጥያቄ ለራሳችን መሶብ እንጂ ለጎረቤታችን የሕመም አልጋ አይደለም። በመሶባችን ላይ ራሳችንን እንቆጣጠር፤ በሣጥኑ ላይ ግን እንተባበር። ይህን ያደረገ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሐኪም ቤት ሳይረግጥ ቢከርም መዋጮው አልባከነም፤ ለአንድ ሕመምተኛ ወንድሙ ደርሷል። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ሕሙማኖቻችንን ሺፋ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።