ባለመሬት ማለት ማን ነው?

ለማስተማር ልምምድ ወግዲ በቆየንበት ወቅት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ውጭ እናስጠና ነበር። ልጁ ሁለት ነገር ከብዶት ነበር። አንደኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ማስረዳት፣ ሁለተኛው ለታሪክ ትምህርት ስለ ባለመሬትና ጭሰኛ ሕግ መጻፍ። እኛም ሥራ የቀለለን መስሎን ሰኞን ለልብ ወለዱ፣ ሐሙስን ለሕጉ መደብን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ልጁ የገጸ ባሕርያቱን ስምና የአንቀጹን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣው ጀመር፤ አንዱን ከአንዱ ግን አያገናኝም። ቆይቶ አንድ ሐሙስ እንዲህ አለን፦

«ጋሼ፣ እናቴ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ታዲያ እሷ ፊታውራሪ መሸሻ ናት ማለት ነው?»

ሳቅን። መሳቃችን ነውር ነበር። እናቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ በሬ እንኳ የሌላቸው ሴት ናቸው። ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱን ጥናቶች አንድ አደረግናቸው።

መጀመሪያ ቃላቱን ለየን። ርስት በትውልድ የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ጉልት ግን በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ሰው ግብር የመቀበል ሥልጣን ነው። ጭሰኛ የሚባለው ደግሞ የሌላውን መሬት አርሶ ከምርቱ የሚከፍለው ነው። ከወግዲ ወደ ምዕራብ ዓባይን የተሻገረ ሰው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የሚጀምርበት ጎጃም ይገባል። እዚያ አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር። ስለዚህ አበጀ በለው የመራው ባላገር እምቢ ያለው ከልማድ ውጭ የተጫነበትን ነው እንጂ የኪራይ ውል ክርክር አልነበረውም። ሁሉንም «ጭሰኛ» እያሉ ማስተማር ቀላል ነው፤ ልጁን ያሳሳተውም ይኸው ቀላልነት ነው።

ቀጥለን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፈትን። አንቀጽ 2991 ከምርት የሚከፈል ኪራይ ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ሲሰሙት ለአራሹ የቆመ ይመስላል እኮ! በሰሌዳ ላይ አስላው አልነው። 8 ኩንታል ጤፍ ያገኘ ሰው 6ቱን ለባለመሬቱ ቢሰፍር ሕግ አልተጣሰም። ልጁ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም አለ። «መሬት ለአራሹ» ተብሎ በየካቲት 1957 ተማሪዎች ሰልፍ የወጡበትን ምክንያት ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለገንም።

ልብ ወለዱ የታተመው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1958 ነው። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 230 ርስተ ጉልትንና ሲሶ ጉልትን አስቀረ፤ ጭሰኝነትን ግን አልነካም። እሱን ያፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ድርሻም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አውጥቷታል። ልጁ ይችን ቦታ ሁለት ጊዜ አስነበበን።

ዛሬም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይዞታን ማከራየት ግን በ1989 በወጣው አዋጅ ቁጥር 89 ተፈቅዷል። እናም ነገሩ ተገለባብጦ እናገኘዋለን፤ ባለይዞታዋ አቅም ያጣች፣ እኩል አራሹ ጥማድ በሬ ያለው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚያዝዙት ሰው ነበራቸው፤ የልጁ እናት ያላቸው የይዞታ ደብተር ብቻ ነው፤ አውድማ ላይም የተሰፈረላቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ለጥያቄው የሰጠነው መልስ ይኸው ነው።

ልጁ በዚህ አልበቃውም። ባለፈው መኸር እኩል አራሹ የማዳበሪያውን ዋጋ አስቀድሞ ከምርቱ ቀንሶ፣ ጭዱንም ጠቅልሎ ወስዶ ነበር። ውሉ የቃል ስለሆነ እናትዮዋ የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። እኛ ጠበቃ አይደለንም፤ ቢሆንም አብረን ቁጭ ብለን ዘሩ ከማን እንደሚወጣ፣ ማዳበሪያው እንዴት እንደሚታሰብ፣ ጭዱ ለማን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አሰፈርን። ጽሕፈቱ የልጁ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አርመነዋል። ከሽማግሌዎች ፊት ተነቦ ሁለቱም ወገን ከተስማማ በኋላ፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ለማስመዝገብ እናቱን ይዞ ሄደ።

የታሪኩን ጽሑፍ ግን እኛ ከወግዲ እስክንነሣ ድረስ አልጨረሰውም ነበር።