የስኳር መድኃኒት ሲቀየር ፊት ላይ የሚታየው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን የመሳሰሉ የስኳር መርፌዎችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። በሜትፎርሚንና በግሊቤንክላማይድ ዓመታት የቆየ ሰው ወደ ሌላ መድኃኒት የሚዛወርበት አጋጣሚ እየሰፋ ነው። ከቅያሪው በኋላ ፊቱ ያበጠ ወይም ሽፍ ያለበት ታማሚ ጥያቄም አብሮ ይመጣል፤ ጥፋተኛው አዲሱ መድኃኒት ነው?

ስለ መርፌዎቹ ሲነሳ ወሬውን ሁሉ የወሰደው በሴማግሉታይድ የንግድ ስም የተጠራው «የኦዜምፒክ ፊት» ነው። ይህ ግን አለርጂ አይደለም። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የጉንጭ ስብም አብሮ ስለሚሟሽሽ ፊት ይጎደጉዳል፣ ቆዳውም ይላላል። በእኔ እምነት ከዚህ ይልቅ ብዙ ሊባልለት የሚገባው ሲታግሊፕቲንና ቪልዳግሊፕቲን የሚገኙበት፣ ግሊፕቲን የሚባለው የኪኒን ወገን ነው።

የቪልዳግሊፕቲን ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ መድኃኒቱ በጥቅሉ የፊትና የከንፈር እብጠት እንደማያበዛ አሳይቷል። እንደ ኤናላፕሪል ካሉ የደም ግፊት ኪኒኖች ጋር ሲወሰድ ግን፣ ያበጡት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ ዕድሉ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኤናላፕሪል የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒንንና ሰብስታንስ ፒን ይሰባብራል። እሱ ሲታገድ ሥራውን በከፊል የሚሸፍነው ግሊፕቲን የሚያግደው ኢንዛይም ነው። ሁለቱም ሲዘጉ ንጥረ ነገሮቹ ይከማቻሉ፤ ፈሳሽ ከደም ሥር እየሾለከ ከንፈርን፣ የዐይን ቆብንና ምላስን ያሳብጣል።

ታማሚው «ኤናላፕሪልን ስንት ዓመት ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» ብሎ ጣቱን ወደ አዲሱ ኪኒን ይቀስራል። ኤናላፕሪል ግን ከዓመታት በኋላም ብቻውን ሊያሳብጥ ይችላል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አደጋው በጥቁሮች ላይ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ደጋግመው አሳይተዋል። ይህ እብጠት አያሳክክም፣ ሽፍታም የለውም፤ የተለመዱት የአለርጂ ኪኒኖችም አይመልሱትም። ምላስ ካበጠ ወይም ድምፅ ከተዘጋ ነገ ይደረስበታል አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ሌላው የቆየ ክርክር የሰልፋ ነው። የሰልፋ ፀረ ተሕዋስያን የሆነው ኮትሪሞክሳዞል ያሳበጠው ሰው የሰልፋ ዝምድና ያለው ግሊቤንክላማይድም ያሳብጠዋል እየተባለ ለብዙ ዘመን ተፈርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ነገሩ የሰውዬው ለአለርጂ መጋለጥ እንጂ የሁለቱ መድኃኒቶች ዝምድና እንዳልሆነ አመለከተ። ፍርሃቱ ከማስረጃው በላይ ዕድሜ ማግኘቱ ያሳዝነኛል፤ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ያስከለክላልና።

የቀሩት ባጭሩ ይነገራሉ። ክሎርፕሮፓማይድ ከአልኮል ጋር ፊትን ያቀላ ነበር። ፒዮግሊታዞን ውኃ ስለሚይዝ ፊትን ሊነፋ ይችላል። የግሊቤንክላማይድ ወገኖች አልፎ አልፎ ቆዳን ለፀሐይ ያስቆጣሉ። ግሊፕቲኖች በአረጋውያን ላይ ከወራት በኋላ ውኃ የሚቋጥር ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ይህ ግን ከፊት ይልቅ ገላና እጅ እግር ላይ ይበዛል።

የሕክምና መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታን በነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ ያሳያሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ከወትሮው የጠቆረ ሆኖ ስለሚታይ በቀላሉ ይታለፋል። ስቴሮይድ ያለበትን የፊት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ቅባቱ ሽፍታውን ለጊዜው ያደበዝዘዋል፤ ሲቆም ራሱ ብጉርና መቅላት ያመጣል። ስለዚህ ታማሚው ወደ ሐኪም ሲሄድ አዲሱን ኪኒን ብቻ ሳይሆን የግፊቱንም ኪኒን፣ ቅባቱንም ይዞ ቢሄድ ምክንያቱን መለየት ይቀላል።