የውርጭ አገር አበባ

ከራቤል ተነሥቶ በመንዝ ደጋ የሚያልፍ መንገደኛ በየምንጩ ዳርና በየጨፌው የሚበቅለውን እፀ ሲኦል የተባለ ባለቢጫ አበባ ተክል ማየቱ አይቀርም፤ ይህ ተክል ግን ከዐረብ ምድር እስከ ደቡብ አፍሪካ የተስፋፋ ስለ ሆነ ብርቅ አይባልም። ብርቁ፣ ሊቃውንተ ዕፀዋት ራኑንኩሉስ ኦሬዮፊቱስ ብለው የሚጠሩት ታናሽ ዘመዱ ነው፤ ነገዳቸውም እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ በየጓዳችን የማይታጣው ጥቁር አዝሙድና በየአጥሩ የሚጠመጠመው አዞ ሐረግ ሳይቀሩ ከዚሁ ይቆጠራሉ። ብርቁን ተክል መርምሮ ስም ያወጣለት፣ በ1798 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ግብፅን በወረረ ጊዜ ከዘመቻው ሊቃውንት አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ደሊል ነው።

ጅባራ ሌሊት ቅጠሎቹን ሰብስቦ እምቡጡን ከውርጭ ሲከላከል፣ ይህ ታናሽ ተክል ግን ግንድ የሚባል ነገር ሳያበጅ፣ የተሰነጣጠቁ ቅጠሎቹን በክብ ዘርግቶና ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ፣ ቀን በፀሐይ የሞቀችውን ምድር መጠጊያ ያደርጋታል። አበባው ከቅጠሎቹ መካከል በአጭር አገዳ ብቅ ይላል፤ ፍሬ በያዘ ጊዜም አገዳው ወደ መሬት ይጎነበሳል። ጎንበስ ብሎ ያስተዋለው ሰው፣ የአበባው ገጽ ብርሃኑን መልሶ ሲያብረቀርቅ፣ በእያንዳንዱ ቅጠለ አበባ ሥርም ለነፍሳት ማር የምታቀርብ ጥቂት ጎድጓዳ ስፍራ ስትገኝ አይቶ፣ የፈጣሪን ጥበብ ሳያደንቅ አይነሣም። የዚህ ወገን ዕፀዋት ሲቀጠቀጡ ቆዳን የሚልጥ መራራ ጭማቂ ስለሚያወጡ ከብት እርጥቡን ይሸሻል፤ ሲደርቁ ግን መርዙ ይጠፋል።

የብርቁ ተክል መኖሪያ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች፣ በኤልጎን፣ በኬንያና በኪሊማንጃሮ በመሳሰሉ ተራሮች ላይ ተበታትኖ የሚገኘው ለምንድን ነው ቢሉ፣ በጥንቱ ዘመነ በረድ ብርዱ ወደ ታች ወርዶ የደጋው ዕፀዋት ግዛት ሰፍቶ ነበርና፣ ሙቀቱ ሲመለስ እያንዳንዱ ተራራ በቆላ ባሕር የተከበበ ደሴት ሆኖ ስለ ቀረ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን ተክል የሚያጠፋው ከበረዶው ይልቅ ማረሻው ነው፤ ረግረጉ ለገብስ ሲታረስ ውሃው ይሸሻል፣ ሙቀትም ሲጨምር ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሰደድበት ስፍራ የለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ምድር ስለሚጠበቅበት መንገድ ሲነገር፣ በመንዝ የጓሳን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋውን ይህን የሣር ምድር፣ የቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ እየከፈቱ ለዘመናት ጠብቀውታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ያንን በርስት ላይ የቆመ ሥርዓት ሽሮ ጓሳን ለብዙ እጅ ቢዳርገውም፣ የአካባቢው ሕዝብ በኋላ በጉባኤ ተሰብስቦ ጥበቃውን እንደ ገና መሥርቶታል።