ተልባን በቤት ውስጥ መፍጨትና በጥንቃቄ መጠቀም

ተልባ በሀገራችን ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በአርሲ፣ በባሌ፣ በሸዋ፣ በጎጃም እና በወሎ የሚመረት የቅባት እህል ነው። በሌሎች ሀገሮች ተክሉ ለጨርቅ መሥሪያ ቃጫ ጭምር ሲለማ፣ በኢትዮጵያ የሚዘራው በዋናነት ለፍሬው ነው። ኅብረተሰቡ በጾም ወራት በፍትፍትነትና በወጥነት፣ በሌላውም ጊዜ በመጠጥነት ይገለገልበታል። የሆድ ድርቀትና የጨጓራ ሕመም ሲሰማቸው ተልባን የሚያዘወትሩ ወገኖችም በርካታ ናቸው።

ይህ መረጃ ተልባን በቤት ውስጥ በሚገኙ መገልገያዎች እንዴት መፍጨት፣ ማስቀመጥና መጠቀም እንደሚገባ፣ እንዲሁም መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው።

ተልባ መፈጨት ያለበት ለምንድን ነው?

የተልባ ፍሬ ሽፋን ልሙጥና ጠንካራ በመሆኑ፣ ሳይፈጭ የተበላ ተልባ አብዛኛው እንዳለ ከሰውነት ይወጣል። ከፍሬው ክብደት 40 በመቶ ገደማው ዘይት፣ 20 በመቶ ገደማው ፕሮቲን፣ ከአንድ አራተኛ በላይ የሚሆነው ደግሞ ፋይበር ነው። ከዘይቱም ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 በመባል የሚታወቀው የቅባት ዓይነት ነው። ሰውነት ከዚህ ንጥረ ነገር ተጠቃሚ የሚሆነው ሽፋኑ ሲሰበር ነው።

ይሁን እንጂ ሽፋኑ ከተሰበረበት ጊዜ ጀምሮ ዘይቱ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ መበላሸት ይጀምራል። በመሆኑም ዋናው መመሪያ አንድ ነው፦ ተልባን በፍሬው ያስቀምጡ፤ ለጥቂት ቀናት የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ።

ከመፍጨት በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

1. ለምግብነት የቀረበ ተልባ ይግዙ። ለዘር የተዘጋጀ እህል ፀረ ተባይ ኬሚካል የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ታጥቦም ሆነ ተቆልቶ ለምግብነት መዋል የለበትም።
2. በሰፌድ ያበጥሩ፤ ጠጠር፣ ገለባና ባዕድ ፍሬ ይልቀሙ። ተልባ ውኃ ሲነካው ስለሚያሟልጭና ስለሚጣበቅ ከመፍጨት በፊት ማጠብ አይመከርም።
3. በንጹሕ ምጣድ ላይ በመለስተኛ እሳት እያማሰሉ ይቁሉ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ያውጡ። መቁላት ፍሬውን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በጥሬ ተልባ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙትን ሳያናይድ የሚያመነጩ ውሕዶችም ይቀንሳል። ያረረ ተልባ ግን ዘይቱ ስለሚጎዳና ስለሚመር አይጠቀሙበት።
4. ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠብቁ። ተልባ በትኩሱ ከተፈጨ ዘይቱ እየወጣ ይለጥፋል።

በቤት ውስጥ መገልገያዎች መፍጨት

በሙቀጫና በዘነዘና፦ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እንደሚባለው፣ ለጥቂት መጠን ከሙቀጫ የተሻለ መገልገያ የለም። ሙቀጫውን እስከ ሢሶው ብቻ ይሙሉ፤ ፍሬው እንዳይፈናጠር አፉን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በእጅዎ ከልለው ይውቀጡ። ከዚያም በወንፊት ነፍተው የቀረውን እንደገና ይውቀጡ። በርበሬ ወይም ቅመም የሚወቀጥበትን ሙቀጫ ለተልባ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

በድንጋይ ወፍጮ፦ ወፍጮውና መጁ ንጹሕና ደረቅ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ተልባው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ መፈጨት አለበት፤ ብዙ ሲሆን ዘይቱ ወጥቶ ይላቁጣል። ከተጠቀሙ በኋላ በድንጋዩ ላይ የቀረው ቅባት ሳይጸዳ ማደር የለበትም።

በኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ፦ አንድ የቡና ስኒ ያህል ተልባ ጨምረው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እያቋረጡ ይፍጩ፤ በየመሐሉም መፍጫውን ያወዛውዙ። ሳይቋረጥ ማስፈጨት ዱቄቱን ያሞቀዋል፤ ከስለቱ ሥርም ይለጠፋል። ለማጽዳት በመጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ። ጥቂት ደረቅ ሩዝ መፍጨት የቀረውን ቅባትና ሽታ ለማስወገድ ይረዳል።

በብሌንደር፦ ዕቃው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ተልባው በጣም ጥቂት ከሆነ ስለቱ ስለማያገኘው በደንብ አይፈጭም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይጨምሩ።

አቀማመጥ

ያልተፈጨ ተልባ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ለወራት ይቆያል። የተፈጨው ግን አየርና ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ፣ ቢቻል በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይመረጣል። የዘይት ቀለም የሚመስል ሽታ ወይም የመረረ ጣዕም ካለው ተበላሽቷልና ያስወግዱት።

አጠቃቀም

ለአንድ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 7 ግራም ያህል የተፈጨ ተልባ በቂ ነው። ተልባ ውኃ እየሳበ ስለሚያብጥ ቢያንስ ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ወይም ከ250 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር መወሰድ አለበት። ዱቄቱን በደረቁ መቃም ጉሮሮን ሊያንቅ፣ በቂ ውኃ ሳይጠጡ ማዘውተርም አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። ለመጠጥ የሚበጠበጥበት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በአግባቡ የታከመ ይሁን፤ የተበጠበጠውንም በዕለቱ ይጠቀሙ።

የመዋጥ ችግር ወይም የአንጀት መጥበብ ያለባቸው ወገኖች ተልባን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባቸውም። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ እንዲሁም የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ተገልጋዮች ተልባን ከማዘውተራቸው በፊት ባለሙያ ያማክሩ። ተልባ የመድኃኒትን ወደ ሰውነት መግባት ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ተልባ ከመጠጣትዎ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ይወሰድ።

ተልባ ሕክምናን አይተካም

የተልባ ልሐጭ ለጊዜው የማለስለስ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም የጨጓራ ቁስለት በብዙ ሰዎች ላይ የሚከሰተው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ በመሆኑ፣ ተመርምሮ በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት መታከም ይኖርበታል። በተልባ እያስታገሡ መቆየት ሕመሙ ሥር እንዲሰድ ጊዜ ይሰጠዋል።

ስለሆነም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም ለመዋጥ መቸገር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሰገራና ጋዝ መውጣት አቁሞ ሆድ ከተነፋ ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካለም ተልባ መውሰድዎን አቁመው ወዲያውኑ ሊታዩ ይገባል።

ለተጨማሪ ምክር በአካባቢዎ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማነጋገር ወይም በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላሉ። ለምርመራ ሲቀርቡ ተልባን ጨምሮ በቤትዎ የሚወስዷቸውን ባህላዊ መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።