የፈረስ መኖ ክምችት በመካነ ሰላም አካባቢ

የፈረስ መኖ ክምችት ድርቆሽን፣ ጭድንና እህልን ከዝናብ፣ ከሻጋታ፣ ከአይጥና ከእሳት ጠብቆ የማቆየት ሥራ ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በተለይም በመካነ ሰላም ከተማ ዙሪያ ባለው የቦረና ወረዳ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ ስለሚመረት ዋናው የበጋ መኖ ጭድ ነው። ድርቆሹ ክረምቱ ሲወጣ ይታጨዳል፤ ጭዱ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ከአውድማ ይሰበሰባል። በወሎ ደጋ ግን ዝናቡ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ በበልግም ይመጣል።

250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህ በአራት ወር 600 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ለበሬ የሚያልፍ መኖ ለፈረስ ላያልፍ ይችላል። በሬ የሚያመነዥክ እንስሳ ስለሆነ በጨጓራው ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አንዳንዱን የሻጋታ መርዝ ያዳክሙለታል። ፈረስ አያመነዥክም፤ ማስመለስም አይችልም። ስለዚህ የሻገተ መኖ የበላ ፈረስ ሊገድለው በሚችል የሆድ ቁርጠት ሊያዝ ይችላል። የሻጋታ ብናኝም ሳንባውን ይጎዳል፤ ሥር የሰደደ ሳል ያለበት ፈረስ ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ይከብደዋል። በመኖው ላይ ውሃ መርጨት ብናኙን ቢቀንስም ሻጋታውን አያጠፋም።

ድርቆሽ ከመከመሩ በፊት እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ መውረድ ይኖርበታል። መለኪያ በሌለበት የአገዳው አንጓ ይፈተሻል፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይግላል፤ ግለቱ ከበረታም ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ የብረት ዘንግ ወደ ክምሩ መሃል ሰክቶ ቆይቶ ማውጣትና በጥንቃቄ መዳሰስ ይጠቅማል። ክምሩ ከማድ ቤት መራቅ ያለበትም ስለ እሳት ነው።

ክምሩ ውሃ በማይቋጥር ቦታ፣ በድንጋይና በእንጨት ርብራብ ላይ ይሠራል፤ ዝናቡ እንዲንሸራተት አናቱ ይሾላል። መሬት የነካው የታችኛው ክፍል ቀድሞ ይበሰብሳል። ይህን ክፍል ለፈረስ መስጠት አይገባም። የፕላስቲክ ሸራ ያልደረቀ ክምር ላይ ከተጠቀለለ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል።

ገብስ ፈረስ ሊከፍተው በማይችል ጎተራ ወይም በርሜል ይቀመጣል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ በመሆኑ በአንድ ጊዜ የተዛቀ እህል ቁርጠትና የሰኮና ውስጥ ብግነት ያመጣል። የአይጥ መርዝና በነቀዝ መከላከያ ኬሚካል የታሸ የዘር እህል ከመኖ ጋር አንድ ቤት አይቀመጡም።