ፈሪ ስለሚለው ቃልና ወንድ ስለሚለው ስም የተጻፈ ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ፥ በምዕራፍ ፲፮ ቍጥር ፲፫፥ ምእመናን እንዲተጉ፥ በሃይማኖት ጸንተው እንዲቆሙ፥ እንዲበረቱም ያዝዛል። በዚህ ስፍራ በጽርዕ የተጻፈው ቃል አንድሪዜስቴ ነው። ይህም አኔር ከሚለው ስም የወጣ ነው፤ አኔር ማለት ወንድ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉን እንዳለ ቢፈቱት ወንድ ሁኑ ማለት ይሆናል። መልእክቱ ግን የተላከው ለማኅበሩ ሁሉ ነው፤ በማኅበሩም ወንዶችና ሴቶች ነበሩበት። ሴቶችን ወንድ ሁኑ ማለት እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ የጽርዕ ሰዎች ጽናትን በወንድ ስም መጥራት ልማዳቸው ስለ ሆነ ነው እንጂ ሴቶቹን ከትእዛዙ ማውጣቱ አይደለም። የሮማይስጥም ልማድ ይህንኑ ይመስላል፤ ቪርቱስ የሚሉት ቃል ቪር ከሚለው ከወንድ ስም የተገኘ ነው። ሐዋርያውም ወዲያው በሚቀጥለው ቍጥር ሥራቸውን ሁሉ በፍቅር እንዲያደርጉ ስላዘዘ፥ ወንድ ሁኑ ማለቱ ጋሻና ጦር ያዙ ማለት እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

እግዚአብሔር ኢያሱን ባጸናበት ስፍራ፥ በኢያሱ ምዕራፍ ፩ ቍጥር ፮፥ ሰብዓ ሊቃናት ይህንኑ ወንድ ሁን የሚለውን የጽርዕ ቃል አግብተዋል። ዕብራይስጡ ግን በርታ፥ ጽና ከማለት በቀር የወንድን ስም አያነሣም። ስለዚህ ወንድ የሚለው ስም ከተርጓሚዎቹ አገር ቋንቋ የመጣ ነው።

ፈሪ ወደሚለው ቃል ስንመለስ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጽርዕ ፈሪን ዴይሎስ ይለዋል፤ በዚህ ቃል ውስጥ የሴት ስም የለበትም። ዕብራይስጥ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ ፳ ቍጥር ፰ ራክ ሌባብ ይለዋል፤ ልቡ የላላ፥ ልቡ የለሰለሰ ማለት ነው። በአማርኛም ፈሪ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ከዚያውም ላይ ከአንድ ግንድ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሚለው ይወጣል፤ ይህም ነውር ሳይሆን የጥበብ መጀመሪያ ነው። ሕጉም ፈሪውን ሴት ብሎ አልሰደበውም። የወንድሞቹን ልብ እንደ ራሱ እንዳያቀልጥ ወደ ቤቱ ይመለስ አለ እንጂ ቅጣት አልጻፈበትም። ጌዴዎን ይህን ሕግ ባሳወጀ ጊዜ ፳፪ ሺሕ ሰዎች ተመለሱ፤ ፲ ሺሕ ቀሩ። ከተመለሱት አንዱን እንኳ መጽሐፍ በስሙ ጠርቶ አላሳፈረውም።

ነቢያት ግን ፈሪውን ሠራዊት በሴት መስለውታል አይደለምን ቢሉ፥ አዎን መስለውታል። ኢሳይያስ ስለ ግብፅ በምዕራፍ ፲፱ ቍጥር ፲፮፥ ናሆምም ስለ ነነዌ በምዕራፍ ፫ ቍጥር ፲፫ እንዲህ ተናግረዋል። ይህ አይካድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሴት የጦር መሣሪያ አትይዝምና፥ መሣሪያው ከእጁ የወደቀውን ሠራዊት መሣሪያ በሌላት ሰው መሰሉት። አንድም እግዚአብሔር እጁን ሲያነሣ ኀያል ነኝ ያለው ሁሉ እንደሚንቀጠቀጥ ለማሳየት ነው። ምሳሌው የሠራዊቱን መዋረድ ይናገራል፤ ስለ ሴቶች ልብ ግን ፍርድ አይሰጥም።

በአገራችን አነጋገር ፈሪውን ወንድ ሴት ነህ ብሎ መስደብ፥ ደፋሪቱን ሴት ደግሞ እርሷስ ወንድ ናት ብሎ ማመስገን የቆየ ልማድ ነው። ምስጋናው ስድቡን በውስጡ ተሸክሞ ይሄዳል። በ፲፰፻፹፰ ዓ.ም. በመቐለ ምሽግ ጠላት የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝበት የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ እርሳቸውንም ወንድ ሳይሉ ማመስገን ይቻላል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ ፴፩ ቍጥር ፲ በአማርኛ ልባም ሴት የተባለችውን ዕብራይስጡ ኤሼት ሐይል ይላታል፤ ይህ ሐይል የግዕዙ ኀይል ዘመድ ነው። ሰብዓ ሊቃናት በልማዳቸው ወንዳዊት የሚመስል ቃል ሰጧት። በመሳፍንት ምዕራፍ ፮ ቍጥር ፲፪ መልአኩ ጌዴዎንን ኀያል ብሎ ሲጠራው የተናገረው ይኸው ሐይል የሚለው ቃል ነው። ጌዴዎንም በዚያች ሰዓት ምድያማውያንን ፈርቶ በወይን መጥመቂያው ስንዴ ይወቃ ነበር። እንግዲህ ተሸሽጎ ለሚወቃው ወንድና በቤቷ ለምትተጋው ሴት መጽሐፍ አንድ ስም ሰጠ። ስለ እርሷም በቍጥር ፴ እግዚአብሔርን የምትፈራ ይላታል፤ ኀይልና ፍርሀት በአንዲት ሴት ተገኙ።

በመኳንንት ቤትና በሠራዊት መካከል ይህ ስድብ ደም ያፈስስ ነበር። ወንድሙ የተገደለበት ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ካሣ ሊቀበል፥ በቄስ ፊት መስቀል ስሞ ይቅር ሊል ሲነሣ፥ ከዘመዶቹ አንዱ ሴት ሆነ ይለዋል፤ ይቅርታውም በዚያች ቃል ይፈርሳል። እንዲህ ያለው ሰው የፈራው የሰውን አፍ ነው። የመሳፍንት መጽሐፍ በምዕራፍ ፱ የአቤሜሌክን ነገር ይነግራል። አንዲት ሴት ከግንብ ላይ የወፍጮ መጅ ጥላ ራሱን በሰበረችው ጊዜ፥ ሴት ገደለችው እንዳይሉት ብሎ በጋሻ ጃግሬው ሰይፍ ሞተ። ሰባውን ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ሲያርድ ያልፈራ ሰው ነፍሱ ስትወጣ ያሳሰበው ይህ ብቻ ነበር። የሸሸገውም አልተሸሸገለትም፤ በዳዊት ዘመን ኢዮአብ በሁለተኛው ሳሙኤል ምዕራፍ ፲፩ ሴቲቱንና መጁን ያነሣል።

በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ ፳፩ ቍጥር ፰ ወደ እሳት ባሕር ከሚጣሉት ፈሪዎች በፊት ተቈጥረዋል። ስለ ምን አስቀደማቸው ቢሉ፥ በመከራ ጊዜ ክሕደትን የሚወልደው ፍርሀት ስለ ሆነ ነው። ይህ ፍርሀት በወንድም በሴትም ያድራል። ጴጥሮስ በአንዲት ገረድ ፊት ጌታውን ሲክድ፥ ሴቶቹ በመስቀሉ አጠገብ ቆመው ነበር።

ባርቅ ግን ከነዚህ ፈሪዎች ጋር አይቈጠርም። ዲቦራ ካልሄደች አልሄድም ስላለ ብዙዎች ፈሪ ይሉታል፤ እርሷም ክብሩ ለሴት እንደሚሆን ነገረችው፥ ሲሣራም በኢያዔል እጅ ወደቀ። እርሱ ግን ነቢይቱን ይዞ ከታቦር ተራራ ወረደ። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ ፲፩ ቍጥር ፴፪ የሃይማኖት ሰዎች ሲቈጠሩ የባርቅ ስም ከጌዴዎን ቀጥሎ ተጽፏል።